ሎግቡክ ላይ የማይጻፈው በረራ

ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 26፣ ሥራው ፓይለት። ጎረቤት አገር ባለ አንድ አነስተኛ የቻርተር ድርጅት ውስጥ ባለአንድ ሞተር ካራቫን ያበርራል። «ጋሼ ተኝተሃል እንዴ? አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» ይላል። በዚያ ሰዓት «ላማክርህ» የሚል ወጣት ወይ ሊያገባ ነው ወይ አገር ሊቀይር ነው ብዬ ተነሣሁ።

ሁለተኛው ነው። ማልዲቭስ ሄዶ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን፣ ሲፕሌን የሚባሉትን፣ ለማብረር አመልክቷል። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ አልፏል። የቀረው ከአሁኑ ቀጣሪው የሚመጣ የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ማለዳ፣ የጭነት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ክብደትና አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አልገጥም አለው። «አልፈርምም፣ አልበርርም» አለ። በረራው ተሰረዘ። አለቃው ቢሮ ጠርቶት እንዲህ አለው፦ «ይሄ ሙያ ትንሽ ሰፈር ነው። ስምህን አንዴ ካበላሸሁት የትም አትቀጠርም።»

«እና ጋሼ፣ ይቅርታ ጠይቄው ደብዳቤዬን ልቀበል? ወይስ ስለዚያ ቀን ለአዲሶቹ ልንገራቸው?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ የአቪዬሽን ዜና እየተከታተልኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። ጥያቄው ደግሞ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዱባይ ያለች ነርስ፣ ጀርመን ሊሄድ የተዘጋጀ ፕሮግራመር፣ ሳዑዲ ያለ ሾፌር፣ ሁሉም ከአገሩ ሲወጣ ከሻንጣው ቀድሞ የሚደርስለት ስሙ ነው። ስሙን ማን ይጽፈዋል? ማንስ ሊያበላሽበት ይችላል? በአብራሪዎቹ በኩል እንየው፤ እነሱ ዘንድ ጉዳዩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ባዶ እግሩን የሆነው ካፒቴን

ቲክቶክ ላይ አይታችኋቸው ይሆናል። ነጭ ሸሚዝ፣ ቁምጣ፣ ባዶ እግር፣ ከታች ሰማያዊ ባሕር። ቀልድ አይደለም፤ የማልዲቭስ ሲፕሌን አብራሪዎች እውነትም በባዶ እግራቸው ነው የሚያበርሩት። አገሪቱ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትንንሽ የኮራል ደሴቶች ናት። ጎብኚው ማሌ አጠገብ ካለው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ ሪዞርቱ የሚሄደው በብዛት በፈጣን ጀልባ ወይም በሲፕሌን ነው። በዓለም ትልቁ የሲፕሌን ድርጅት በመባል የሚታወቀው ትራንስ ማልዲቪያን ኤርዌይስም የሚሠራው እዚያው ነው፤ ከ60 በላይ ትዊን ኦተር አውሮፕላኖች አሉት።

ትዊን ኦተር ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ካናዳ ሠራሽ ናት። በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ያበርራት ነበር። አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ የአፈር ማኮብኮቢያ ላይ አቧራ እያስነሣች ስታርፍ የሚያስታውሷት አይጠፉም። ማልዲቭስ ላይ ጎማዋ ወጥቶ በምትኩ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች ገብተውላታል።

ሥራው ግን እንደ ቪዲዮው አይደለም። ውሃ ላይ ፍሬን የለም። ሞተሩ ከተነሣ አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ ነፋሱና ሞገዱም የራሳቸውን ግፊት ይጨምራሉ። ባሕሩ እንደ መስታወት ጸጥ ሲል ለጎብኚ ፎቶ ያምራል፤ አብራሪው ግን ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በዓይኑ መለየት ያቅተዋል። የጨው ውሃው ብረቱን ስለሚበላው አውሮፕላኑ በየጊዜው በንጹህ ውሃ ይታጠባል። የሚበረረውም በቀን ብርሃን፣ በዓይን እያዩ ነው። ሪዞርቱ ደጃፍ ላይ «ዛሬ ሞገዱ ከፍ ብሏል፣ ተመለስ» የሚል ታወር አይጠብቅህም። ከላይ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «እናርፋለን» ወይም «አናርፍም» የሚለው ካፒቴኑ ራሱ ነው።

እንግዲህ ቀጣሪ ሲፕሌን አብራሪ ሲፈልግ ዋናው የሚገዛው ነገር ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ በኤክስሬይ አይታይም። ስለዚህ ስምን ይጠይቃል።

ስም በምን ይጓዛል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። የአብራሪን የሙያ ስም ግን የሚያወጡት ወረቀትና ስልክ ናቸው።

ወረቀቱ ፈቃዱ፣ ሎግቡኩና የሥልጠና መዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት፣ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አብራሪ አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠው ወይም ያጸደቀለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ የዚያ አገር ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ወደሰጠህ አገር ይጽፋል፦ «ይህ ሰው የእናንተ ነው? ፈቃዱ እውነተኛ ነው?» እያለ። ሲቪህን በፎቶሾፕ ማሳመር እዚህ ጋ ያበቃል።

ስልኩ ደግሞ ከወረቀቱ ይፈጥናል። የሲፕሌን ሥራ በብዛት ያለው ማልዲቭስ፣ የካናዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ አላስካ፣ ትንሽ ደግሞ አውስትራሊያና ሌሎች ጥቂት ቦታዎች ነው። ሰዎቹም እነዚሁ ቦታዎች መካከል ይመላለሳሉ። በአንዱ ወቅት ማሌ አብሮህ የበረረው በሌላው ቫንኩቨር ሊገኝ ይችላል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰፈር ነው። የአለቃው ማስፈራሪያ ባዶ ፉከራ አይደለም ማለት ነው። ሙያው እውነትም ትንሽ ነው።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ መጥፎውን መደበቅ አይሻልም? አንዳንዱ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ አጠገብ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ካፒቴኑ ሲቀጠር ቀደም ብሎ የወደቃቸውን ፈተናዎች በሙሉ እንዳልገለጸ አሳየ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ቴክሳስ ውስጥ የአትላስ ኤር የጭነት አውሮፕላን ወድቆ 3 ሰዎች ሲሞቱም ረዳት አብራሪው የቀድሞ የሥልጠና ውድቀቶቹን ደብቆ እንደነበር ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ቀጣሪዎች የአብራሪን መዝገብ የሚያዩበትን ብሔራዊ የመረጃ ቋት በደንብ አጸናች።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ፈተና መውደቅ ብዙ አብራሪ ላይ ይደርሳል፤ ድጋሚ ሠልጥኖ ያልፋል። የደበቀ ሰው ሲገኝ ግን ቀሪውን ወረቀቱንም የሚያምነው የለም።

«ዝም አይነቅዝም»?

እዚህ ላይ አገራችን የምታስተምረን አንድ ነገር አለ፦ ዝም አይነቅዝም። አለቃ ሲቆጣ ዝም በል፣ ስምህ ይጠበቃል። ብዙዎቻችን ቢሮ ውስጥ እንዲሁ ነው የምንኖረው። ሰማይ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም ሰው ይበላል።

እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2015 አላስካ፣ ኬቺካን አካባቢ ከመርከብ የወረዱ ጎብኚዎችን የያዘ ሲፕሌን ከተራራ ጋር ተጋጨ። አብራሪውና 8 መንገደኞች ሞቱ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ አብራሪው መጥፎ አየር ውስጥ መግባቱን ከዋናው ምክንያት ቆጠረው። በዚያ ግን አላቆመም። ድርጅቱ ውስጥ በአደገኛ አየር መብረርን በዝምታ የሚያበረታታ ባህል እንደነበር፣ በአካባቢው ድርጅቶች መካከል ያለው ፉክክርም ጫና እንደፈጠረ ጻፈ። መርከቧ በሰዓቷ ትሄዳለች፣ ጎብኚዎቹም ከዚያ በፊት መመለስ አለባቸው። «ሌላው እኮ በርሯል» የሚለውን ቃል እዚያ ሰፈር ማንም ጮክ ብሎ ሊለው አያስፈልገውም።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚከብደው። ሎግቡክ የሚቆጥረው የተበረረውን ሰዓት ነው። «ዛሬ አልበርርም አልኩ፣ ሰዎቹም በሰላም ቤታቸው ገቡ» የሚባልበት ዓምድ የለውም። አደጋ ባለመድረሱ ደግሞ ትክክል እንደነበርክ የሚያረጋግጥልህ አታገኝም። አለቃህ የሚያየው የተሰረዘ በረራና የተመለሰ ገንዘብ ነው። የአክስቴ ልጅም ያ አውሮፕላን ቢነሣ ይወድቅ እንደነበር ማስረዳት አይችልም። ምናልባት በሰላም ይደርስ ነበር። እሱ ያወቀው ቁጥሮቹ እንዳልገጠሙ ብቻ ነው። በሕጉ ደግሞ ይህ ብቻውን ይበቃል።

በእጃችሁ የሌለው ስም

እስካሁን ያወራሁት ራሳችሁ ስለምትሠሩት ስም ነው። ሌሎች የሚጭኑባችሁም አለ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2017 ከሲድኒ በስተሰሜን ባለው የሆክስበሪ ወንዝ ላይ አንዲት ትንሽ ሲፕሌን ወድቃ አብራሪውና 5 እንግሊዛውያን መንገደኞች ሞቱ። አብራሪው በተወለደበት አገር አልነበረም የሚሠራው፤ ማልዲቭስ ውስጥም የበረረ፣ የብዙ ሺህ ሰዓት ልምድ ያለው ሰው ነበር። አውሮፕላኑ ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ዙሪያው በገደል ወደተከበበ ጠባብ ወሽመጥ ገብቶ ነበር። ይህን ያህል ልምድ ያለው ሰው እዚያ ምን አስገባው? ጥያቄው ከ2 ዓመት በላይ በሟቹ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሕክምና ባለሙያ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የደም ናሙናው እንደገና ተመረመረ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኘበት። መጨረሻ ላይ መርማሪዎቹ በጭስ ማውጫው ላይ ስንጥቅ፣ ሞተሩንና የሰው ክፍሉን በሚለየው ግድግዳ ላይ ደግሞ የጎደሉ ብሎኖች አገኙ። መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ እየገባ የአብራሪውን አእምሮ አድክሞ ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ። ሰውየው ራሱን መከላከል አይችልም ነበር። የተሟገተለት በትዕግሥት የተሠራ ምርመራ ነው።

ሌላው የፓስፖርት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የፓኪስታን የአቪዬሽን ሚኒስትር ፓርላማ ቆመው የ262 አብራሪዎች ፈቃድ አጠራጣሪ ነው አሉ። በቀናት ውስጥ የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ድርጅት የፓኪስታንን ብሔራዊ አየር መንገድ አገደ። ቬትናምና ማሌዥያ ደግሞ በአገራቸው የሚሠሩ የፓኪስታን ፈቃድ ያላቸውን አብራሪዎች ማጣሪያ እስኪካሄድ አቆሙ። በላቡ ተምሮ፣ በሐቅ ፈተናውን አልፎ ለዓመታት ያበረረ ሰው አንድ ጠዋት «ቤትህ ቆይ» ተባለ። በኋላ ብዙዎቹ ፈቃዳቸው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የአውሮፓው እገዳ ግን እስከ ኖቬምበር 2024 ቆየ። አንድ ተቋም ፈተናውን ሲያቃልል ዕዳውን የሚከፍለው ባሕር ማዶ ያለው ሐቀኛ ልጅ ነው።

የእኛስ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎችን ይዞ ነበር። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድ ኑር መሐመድ ሳይቀበሩ ስማቸው ፍርድ ቤት ቀረበ ማለት ይቻላል። ከ2 ወር በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ በተካሄደ ስብሰባ ላይ የምክር ቤት አባሉ ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ሁኔታውን ይቆጣጠሩት እንደነበር እንደሚያምኑ ተናገሩ። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ማዕከሉ ላይ የተገኘው ከአንድ ዳሳሽ የመጣ የተሳሳተ መረጃ አምኖ አፍንጫውን ወደታች የሚገፋ ሶፍትዌር ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ሠራተኞቹ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ለሐቁ ያህል፣ የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የበረራ ቡድኑ አፈጻጸም በበቂ አልተፈተሸም ብለዋል። ክርክሩ ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መረጃው ሳይመጣ ስማቸው ተነሣ። ነገ ውጭ አገር ሄዳችሁ ስትሠሩ ይህንን እያወቃችሁ ሂዱ። ከአንዳንድ አገር የመጣ ሰው ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባላል፤ ከአንዳንዱ የመጣ ግን «እነሱ እኮ» ይባላል። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን አለ። ያን ቀን የሚያድናችሁ በቁጥርና በቀን የተጻፈ ወረቀት ነው።

እና ምን አልኩት?

በማግስቱ ደወልኩለት። መጀመሪያ ጠየቅሁት፦ «ያን ቀን ስትናገር እንዴት ነበር የተናገርከው?»

ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ እውነቱን ልንገርህ፣ ጮህኩ። መንገደኞቹ ፊት ነበር።»

«ለጩኸቱ ይቅርታ ጠይቅ» አልኩት። «በጽሑፍ አድርገው። አልበርርም ላልከው ግን አንዲት ቃል ይቅርታ እንዳታስገባ። ሁለቱን ከቀላቀልክ ነገ ‹ጥፋቱን አምኗል› ብሎ የሚያነብልህ ያው ወረቀት ነው።»

ሁለተኛ፣ የዚያን ቀን ነገር ጽፎ አስገብቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አስገብቷል፤ ቀኑ፣ የወረቀቱ ክብደት፣ ሲመዘን የተገኘው ክብደት ሁሉ አለበት። ደስ አለኝ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 19 አገሮች የደኅንነት ሥጋት የሚጠቆምበት ሥርዓት እንዲዘረጉ፣ ጠቋሚውንም እንዲጠብቁ ያዛል። በተግባር ጥበቃው እንደየአገሩ ይለያያል፤ አለቃውም ደብዳቤውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ቢሆንም በዕለቱ የተጻፈ ሪፖርትና ከ3 ወር በኋላ የሚነገር ታሪክ አንድ ሚዛን የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ለአዲሶቹ ራስህ ቀድመህ ንገራቸው አልኩት። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማንንም አትስደብ፣ ድርጅቱን አታዋርድ፣ የሆነውን ብቻ በቁጥር አስቀምጥ። ከአለቃው ሌላም ያሠለጠነህን ካፒቴንና አውሮፕላኑን የሚጠግነውን መካኒክ ምስክር አድርገህ ስጥ። መካኒክ የአብራሪን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ብልሽት ስታገኝ ትጽፋለህ ወይስ ለሚቀጥለው ሰው ትተህ ትሄዳለህ የሚለውን የሚያየው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ውልህን ጨርሰህ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜህን ሠርተህ፣ ቁልፍህን አስረክበህ ውጣ። ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳትጽፍ። ስክሪንሾት አይሞትም።

«እና አዲሶቹ ይህን ሰምተው ባይቀበሉኝስ?» አለ።

እዚህ ላይ የሚያጽናና ውሸት ላወራለት አልፈለግሁም። ሊከለክሉት ይችላሉ። ሰው «ችግር ያለበት ልጅ» የሚል ወሬ ሰምቶ ዞር ማለት ይቀለዋል፤ የሚያመለክት ሌላ ወጣት አይጠፋም። ሥራውም ዘላቂ ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ማልዲቭስ ድንበሯን ለ3 ወር ተኩል ያህል ስትዘጋ ያ ሁሉ ሲፕሌን የሚያመላልሰው ጎብኚ አልነበረውም። ስለዚህ የነገርኩት ይህን ነው፦ «ጭነቱ ሲበዛ ‹አልበርርም› ማለትህን እንደ ነውር የሚያይ ቀጣሪ፣ ሞገዱ ከፍ ብሎ ‹አላርፍም› ስትልም ያው ነው የሚልህ። ያኔ ደግሞ ከኋላህ 15 ሰው ተቀምጧል።»

መልስ አልሰጠኝም። ማታ ላይ ግን ለአዲሶቹ የላከውን ኢሜይል አሳየኝ። አምስት ዓረፍተ ነገር ብዬው ነበር፤ ሰባት ጽፏል። ስድስተኛው ላይ «መንገደኞች ፊት ድምፄን ከፍ ማድረጌ ስሕተት ነበር» ይላል። ሰባተኛው ላይ «ክብደቱ ዛሬም ባይገጥም አልበርርም» ይላል።

ይህን ስጽፍ መልስ አልመጣለትም። በየሰዓቱ ስልኩን እያየ ነው። እኔም የእሱን መልስ እየጠበቅሁ ስልኬን አያለሁ።